ድልድዩ ተዘጋ፤ መኪናው ግን በማን ደጅ አለፈ?

ማርች 23 ቀን 2020 ሰኞ ነበር። የዋሽንግተን ግዛት ገዥ ጄይ ኢንስሊ በኮሮና ምክንያት ሕዝቡ ከቤቱ እንዳይወጣ ያዘዙት የዚያን ዕለት ማታ ነው። እኛም ቤት ሁላችንም ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጠን ነበር። በዚያው ምሽት 1 ሰዓት ላይ የሲያትል ከተማ የዌስት ሲያትልን ድልድይ ዘጋች። ለሁለት ለሦስት ቀን ጥገና መስሎን ነበር። በኋላ ሲቆጠር ሁለት ዓመት ተኩል ሆነ።

(እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱ ግን በእኛ ነው።)

ድልድዩ ተጠግኖ ተከፍቷል፤ ታዲያ አሁን ለምን ታነሳዋለህ የሚለኝ ይኖራል። የማነሳው ነገሩ ስላላለቀ ነው። ባልቲሞር ላይ የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይን ማርች 26 ቀን 2024 መርከብ ገጭቶ ጣለው፤ ስድስት ሠራተኞች ሞቱ። ሜሪላንድ ውስጥ ትራክ የሚነዳ ዘመድ ያለው ሰው ከዚያ ወዲህ ያለውን ጣጣ ያውቀዋል፤ ተቀጣጣይ ነገር የጫነ መኪና በከተማው ዋሻዎች ማለፍ ስለማይፈቀድለት ከተማዋን በሌላ በኩል ዞሮ ነው የሚሄደው። ሮድ አይላንድ ግዛት፣ ፕሮቪደንስ ላይም የዋሽንግተን ድልድይ የሚባለው ወደ ምዕራብ የሚወስደው ክፍል በዲሴምበር 2023 በድንገት ተዘጋ፣ ከዚያም ፈርሶ እንዲሠራ ተወሰነ። ዛሬ አሜሪካ የምትነዳባቸው ብዙ ድልድዮች አርጅተዋል። ቀጣዩ የትኛው ከተማ እንደሆነ አናውቅም። ሲያትል ግን አንዴ አልፋበታለች፤ እኔም እዚያው ስለነበርኩ ያየሁትን ልናገር።

መጀመሪያ ቦታውን ላሳያችሁ። ዌስት ሲያትል ባሕረ ገብ መሬት ነው። በአንድ በኩል ፒውጀት ሳውንድ የሚባለው ባሕር፣ በሌላ በኩል ዱዋሚሽ ወንዝ ይዞታል። ከመሃል ከተማ የሚያገናኘው ዋናው መንገድ ይኼ ከውኃው በላይ ወደ 43 ሜትር ከፍ ብሎ የተሠራ ድልድይ ነው። ከመዘጋቱ በፊት በቀን ወደ 100 ሺህ መኪና ያልፍበት ነበር፤ በአውቶቡስ ደግሞ 17 ሺህ ሰው። ሰፈራችን ጥሩ ሆስፒታል የለውም ሳይሆን ጭራሽ ሆስፒታል የለውም። ምጥ የያዛትም፣ ልቡን ያመመውም የሚሄደው በዚያ ድልድይ ነው። ዌስት ሲያትል ውስጥ ካለው ከሃይ ፖይንት ሰፈር መሃል ከተማ ለመድረስ መንገዱ ባዶ ከሆነ ሩብ ሰዓት ይበቃል። ድልድዩ ሲዘጋ አንዳንድ ቀን አንድ ሰዓት ፈጀ። ሰዉ ሰፈሩን "ደሴቱ" ማለት ጀመረ። ቀልድ አልነበረም።

ሃይ ፖይንት፣ ደልሪጅ፣ ዋይት ሴንተር አካባቢ ሐበሻ አለ። ብዙዎቻችን የምንሠራው ኤርፖርት፣ ሆቴል፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ወይም መሪ ጨብጠን ነው። እኔም ያኔ በስልክ የሚጠራ ታክሲ እነዳ ነበር። ስለዚህ ድልድዩ ለእኔ የሥራ ቦታ ነበር ማለት ይቻላል።

ከእኔ ይልቅ ግን የጎረቤቴን ነገር ልንገራችሁ። እትዬ ነው የምላቸው። ስልሳዎቹ ውስጥ ያሉ ሴት ናቸው፣ ከከተማው ሰሜን በኩል አንድ መጦሪያ ውስጥ አረጋውያን ያነሣሉ፣ ያጥባሉ፣ ያበላሉ። ሥራቸው የሚጀምረው ጠዋት 1 ሰዓት ነው። ከትልቁ ድልድይ ሥር ሌላ ዝቅተኛ ድልድይ አለ፤ መርከብ ሲመጣ ወደ ጎን ዞሮ የሚከፈት፣ ባለ ሁለት መስመር። እሱ ለግል መኪና የተፈቀደው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ብቻ ነበር። እትዬ ሁለት ምርጫ ነበራቸው። ጠዋት ከሁሉ ጋር ተሰልፎ ዞሮ መሄድ፤ ወይም ከ11 ሰዓት በፊት በዝቅተኛው ድልድይ ማለፍ። ሁለተኛውን መረጡ።

አንድ ቀን መኪናቸው ተበላሽቶ እኔ ላደርሳቸው ተነሣሁ። ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። በአንድ እጃቸው የሻይ ፔርሙስ፣ በሌላው የተጠቀለለ ጋቢ።

"እትዬ፣ ጋቢው ለምንድን ነው?" አልኳቸው።

"ልጄ፣ እኔ እዚያ ስደርስ 11 ተኩል አይሞላም። በሩን የሚከፍትልኝ የለም። ጋቢዬን ለብሼ መኪና ውስጥ ጋደም እላለሁ።"

ለካ ያን ሁሉ ወር ከሥራ በፊት ከአንድ ሰዓት በላይ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ተኝተው ነው የሚያነጉት። እኔ ከእሳቸው በሦስት በር ርቀት ላይ እየኖርኩ አላውቅም ነበር።

የመንገድ መዘጋት ዜና ላይ ሲወራ ሁልጊዜ በደቂቃ ነው የሚለካው፤ "ተጨማሪ 25 ደቂቃ"፣ "ተጨማሪ 40 ደቂቃ"። የእትዬ እንቅልፍ እዚያ ቁጥር ውስጥ የለም። መንገድ ላይ አልተጨናነቁማ! በቆጠራ ካየነው እንዲያውም በአሥር ደቂቃ ያለፉ ሰው ናቸው።

ለምን ተዘጋ?

ድልድዩ ውስጡ ክፍት የሆነ የኮንክሪት ሣጥን ነው። ኮንክሪቱን ጨምቆ የሚይዘው በውስጡ የተወጠረ የብረት ገመድ ነው። ኮንክሪት ደግሞ እንደምናስበው ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር አይደለም፤ በዓመታት ውስጥ በጣም በቀስታ ያጥራል፣ ይጎብጣል፣ ገመዱም ውጥረቱ ይላላል። ይኼኛው ዲዛይን ሲደረግ ከታሰበው በላይ ጎበጠ። የተሽከርካሪው ክብደትና ብዛትም ጨመረበት። በዚያ ላይ በሙቀትና በቅዝቃዜ ጊዜ ድልድዩ እንዲንቀሳቀስ ከምሶሶው አናት ላይ የተቀመጠው ትራስ፣ ቤሪንግ የሚሉት፣ ምሶሶ ቁጥር 18 ላይ ተጣብቆ ነበር። ስለዚህ መላወስ ያለበት ነገር መላወስ አልቻለም።

ስንጥቆቹ ከ2013 ጀምሮ ይታወቃሉ፣ ክትትልም ይደረግባቸው ነበር። በ2020 መጀመሪያ ላይ ግን አረማመዳቸው ተለወጠ፤ በሳምንታት ውስጥ ረዘሙ። ያን ያዩት መሐንዲሶች ዝጉት አሉ፣ ከተማውም በዚያው ቀን ዘጋ። ብዙ ሰው ያኔ ተቆጣ። እኔም ተቆጥቼ ነበር። ሆኖም ሚኒያፖሊስ ላይ ኦገስት 1 ቀን 2007 የሆነውን ማስታወስ ይገባል፤ አይ 35 ደብልዩ የሚባለው ድልድይ ሥራ መውጫ ሰዓት ላይ መኪናውን እንደጫነ ወንዝ ውስጥ ገባ፣ 13 ሰው ሞተ። ሲያትል ላይ ማንም አልሞተም። እትዬ በጋቢ ተጠቅልለው ያነጉት እንቅልፍም፣ እኔ ያጣሁት ገቢም ከዚያ ጋር ሲተያይ ምንም ነው። የመዝጋቱ ውሳኔ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ጭቅጭቅ ያለኝ ከዚያ በኋላ በመጣው ላይ ነው።

ራሽኑ

ከተማዋ እጇ ላይ የቀረው ዋና ነገር ያ ባለ ሁለት መስመር ዝቅተኛ ድልድይ ነው። ሁሉም ሰው ልግባ ቢል ማንም አያልፍበትም። አምቡላንሱም አብሮ ይቆማል። ስለዚህ መታደል ነበረበት፣ ልክ ዘይትና ስኳር በቀበሌ እንደሚታደለው። ያደግንበት ነገር ስለሆነ ለእኛ ለመረዳት አያስቸግርም። ዕቃው ትንሽ፣ ፈላጊው ብዙ። ያኔ ጥያቄው ዝርዝሩ ላይ ማን ይግባ ይሆናል።

የመጀመሪያው ዝርዝር አምቡላንስና እሳት አደጋ፣ አውቶቡስ፣ የጭነት መኪና፣ እንዲሁም ብስክሌትና እግረኛ ነበር። የጭነቱ ነገር ወደብ ስላለ ነው፤ ድልድዩ ሥር ሃርበር አይላንድ አለ፣ የኮንቴይነር ተርሚናሎች አሉ፣ የብረት ፋብሪካም አለ። እኔ በዚህ ዝርዝር ላይ ቅሬታ የለኝም። አርባ ሰው የጫነ አውቶቡስና አንድ ሰው የጫነ መኪና እኩል መስመር ይያዙ ማለት አይቻልም። እንዲያውም አውቶቡስን ማስቀደማቸው ያን ጊዜ ከተሠራው ሁሉ የተሻለው ነገር ነው።

መጀመሪያ ላይ ፖሊስ ነበር የሚጠብቀው። ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ካሜራ ተተከለ፣ ያለፈቃድ ያለፈ መኪና 75 ዶላር ይቀጣ ነበር። ከዚያ ወዲያ ዝርዝሩ በትንሽ በትንሹ ሰፋ። በድንገት የሚጠሩ የጤና ባለሙያዎች ገቡ። የወደብ ሠራተኞች ገቡ። የሰፈሩ ንግድ ቤቶች ድርሻ ተሰጣቸው። ለከባድ ሕመም ሕክምና የሚመላለሱ ሰዎችም እንዲያመለክቱ ተደረገ።

እዚህ ላይ ነው የሚቆረቁረኝ። የገባው ሁሉ ይገባዋል። ግን ማን ነው የገባው? ማኅበር ያለው፣ ቀጣሪው ደብዳቤ የሚጽፍለት፣ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ የሚናገርለት ሰው ነው። በሰዓት ተከፍሎት አረጋዊ የሚያነሣ ሰው ጥሪ ላይ ያለ የጤና ባለሙያ አይባልም። የሚደወልለት የለም፣ ሁልጊዜ በፈረቃው ነው የሚገባው። የእትዬ ቀጣሪ ስለ ፈቃድ ማመልከቻ ሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ራሽን የሚያድል ሰው ተሰልፎ ያየውን ነው የሚያድለው፤ ሰልፉ ጋ ለመምጣት ጊዜ ያጣውን አያየውም።

ማታ 3 ሰዓት ሊሞላ ሲል ቸላን የሚባለው አምስት መንገድ የሚገናኝበት ቦታ ላይ መኪኖች ጥግ ይዘው ሲጠብቁ ታያለህ። ሞተሩ ጠፍቷል፣ ሰው ስልኩን እያየ ነው። 3 ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ሲል መብራቱ ሁሉ ቦግ ይልና ሰልፉ ይንቀሳቀሳል። አንዳንዴ ያን ሁሉ ጠብቀህ መርከብ ይመጣል። ድልድዩ ዞሮ ይከፈታል። መርከቡ ቀስ ብሎ ያልፋል። አንተ ትቆማለህ። በውኃው ላይ ቅድሚያ የመርከብ ነው፤ ምንም ማድረግ አይቻልም።

መንገዱን የተሸከሙት

የቀረው መኪና የት ሄደ? ወደ ደቡብ ዞረ። በሃይላንድ ፓርክ ቁልቁለት ወርዶ፣ ዌስት ማርጂናል ዌይን ይዞ፣ በፈርስት አቬኑ ሳውዝ ድልድይ ወይም በሳውዝ ፓርክ ድልድይ ይሻገራል። ካርታው ላይ ስታየው ቀላል ነው፣ አንዲት ሰማያዊ መስመር ናት። መሬት ላይ ግን ያ መስመር የሚያልፈው ሰው ልጅ በሚያሳድግበት ሰፈር ውስጥ ነው።

ሃይላንድ ፓርክ ዌይና ሆልደን የሚገናኙበት ቦታ አለ። ነዋሪዎቹ ያ መገናኛ አደገኛ ነው፣ ይስተካከልልን እያሉ ለዓመታት ሲወተውቱ ኖረዋል። አንዴ በጀት የለም፣ አንዴ ሌላ ይቀድማል ይባላሉ። ድልድዩ ከተዘጋ በኋላ በቀናት ውስጥ ጊዜያዊ የትራፊክ መብራት ተተከለ። በቀናት! እዚያ መብራት ላይ በቆምኩ ቁጥር ይኼ ነው ትዝ የሚለኝ። የሰፈሩ ልጆች መንገድ ሲያቋርጡ የኖሩት ያለ መብራት ነው። መብራቱ የመጣው የሌላ ሰፈር መኪና እንዳይጉላላ ነው።

ሳውዝ ፓርክ ደግሞ ከዚህ የባሰ ታሪክ አለው። የሰፈሩ የራሱ ድልድይ፣ በ1931 የተሠራው፣ በጁን 2010 መጨረሻ ላይ ከእርጅና የተነሣ ተዘጋ። ምትኩ ዝግጁ አልነበረም። አዲሱ የተከፈተው በጁን 2014 መጨረሻ ነው። አራት ዓመት ሙሉ! አብዛኛው የላቲኖና የስደተኛ ሰፈር ነው፤ ምግብ ቤቱም ሱቁም ደንበኛው የሚመጣው በድልድዩ ነበር። ያኔ ያን ያህል ዜና ሆኖ አይቼው አላውቅም። ዌስት ሲያትል ሲዘጋ ግን ከተማው ሁሉ ተነሣ፣ እነዚያው የሳውዝ ፓርክ ሰዎች አሁን ደግሞ የሌላውን ሰው ትራፊክ ተቀባይ ሆኑ። የራሳቸው ድልድይ ሲዘጋ ብቻቸውን ተሸከሙት፣ የሌላው ሲዘጋም ሸክሙ እነሱ ጋ መጣ።

አየሩንም ማሰብ ነው። የዱዋሚሽ ሸለቆ በፋብሪካ፣ በመርከብና በአውሮፕላን ጭስ የተያዘ ቦታ ነው፤ የወንዙ ደለል ራሱ ከ2001 ጀምሮ በፌዴራል መንግሥት የብክለት ማጽጃ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። በ2013 የወጣ የጤና ጥናት ሳውዝ ፓርክንና ጆርጅታውንን የሚይዘው ፖስታ ቁጥር ውስጥ የሚኖር ሰው አማካይ ዕድሜ ሎረልኸርስት ከሚባለው የሀብታም ሰፈር በ13 ዓመት እንደሚያንስ አሳይቷል። 13 ዓመት፣ በአንድ ከተማ ውስጥ። በሺህ የሚቆጠር መኪና በየቀኑ ቆሞ እንዲጨስ የተላከው ወደዚህ ነው። ሌላ መንገድ አልነበረም ይባላል። አዎ፣ ድልድዩ ያለው እዚያ ነው። ግን ሸክሙን የሚቀበለው ሰፈር ማካካሻውን መጀመሪያ ሊያገኝ ይገባው ነበር፤ የሆነው ግን ተለምኖ፣ ተለምኖ፣ ትንሽ በትንሽ ነው።

ትንሽ በትንሽ ያልኩት ግን ምንም አልተደረገም ማለቴ አይደለም። ከተማው የሰፈር ሰው ራሱ እንዲመርጥ ጠይቆ የፍጥነት ማብረጃ ጉብታ፣ የእግረኛ መሻገሪያ፣ የፍጥነት ምልክት አስቀምጧል። እሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱ ባሕረ ገብ መሬቱ ላይ ተጨማሪ የመሰላል መኪናና ተጨማሪ የሕክምና ቡድን አቆመ፤ ይኼ እጅግ አስፈላጊ ነበር። ከሲክረስት ፓርክ መሃል ከተማ የሚሄደው የውኃ ታክሲም ነበር። በፎቶ ሲታይ ደስ ይላል፣ ተሳፍሬበት አውቃለሁ፣ በጥሩ ቀን ተራራው ሁሉ ይታያል። ግን ማረፊያው ባሕሩ ዳር ነው፣ ባሕሩ ዳር ላለው ለአልካይ ሰፈር ሰው ቅርብ ነው፣ ከሃይ ፖይንት ለሚመጣ ሰው ሌላ መኪና ይጠይቃል። ወርደህም መሃል ከተማ ካልሠራህ ፋይዳው ብዙ አይደለም።

የተነነው መኪና

የትራፊክ ባለሙያዎች የሚወዱት አንድ ነገር አለ። መንገድ ሲዘጋ መኪናው በሙሉ ወደ ሌላ መንገድ አይሄድም፣ ከፊሉ ይተናል ይላሉ። እውነት ነው። ሲያትል ራሷ በጃንዋሪ 2019 አይታዋለች። መሃል ከተማውን አቋርጦ የሚሄደው የአላስካን ዌይ ከፍተኛ መንገድ ጃንዋሪ 11 ተዘጋ፣ ምትኩ የሆነው ዋሻ ፌብሩዋሪ 4 ተከፈተ። በቀን ወደ 90 ሺህ መኪና የሚይዝ መንገድ ነበር። ከተማው ይታፈናል ተብሎ ሰው ሁሉ ተጨንቆ ነበር፤ አልታፈነም። ሰው ፈቃድ ወሰደ፣ ከቤቱ ሠራ፣ በጊዜ ወጣ፣ ባቡር ያዘ። መኪናው የት እንደገባ ለጊዜው ግራ አጋባ።

ግን ሦስት ሳምንት መጾምና ሁለት ዓመት ተኩል መጾም አንድ አይደለም። የዌስት ሲያትሉ ደግሞ ከኮሮና ጋር ስለገጠመ የተነነው ጉዞ በድልድዩ ይሁን በበሽታው ለመለየት ያስቸግራል። እኔ የማውቀው መሪ ላይ ሆኜ ያየሁትን ነው። ጉዞውን መተው የሚችል ሰው ተወው። መተው የማይችል ሰው ዞረ። ቢሮ የሚሠራው ላፕቶፑን ይዞ ማዕድ ቤት ተቀመጠ፤ ጥሩ አደረገ፣ መንገዱን ለቀቀልን። ሻንጣ የሚያነሣው፣ አልጋ የሚያነጥፈው፣ ሽማግሌ የሚያጥበው ግን መሄድ ነበረበት። የሽማግሌ ገላ በዙም አይታጠብም። ስለዚህ "30 ከመቶው ተነነ" ዓይነት ቁጥር ስሰማ፣ የቀረው 70 ማን ነው ብዬ መጠየቅ ልማድ ሆኖብኛል።

ይጠገን ወይስ ይፍረስ?

ይኼ ክርክር ከባድ ነበር። ከነዋሪውም ከነጋዴውም የተውጣጣ አማካሪ ቡድን ተቋቁሞ ለወራት ተነጋገረበት። አንዱ ወገን የታመመ ድልድይ ላይ ገንዘብ አታፍስሱ፣ አዲስ ሥሩ ይላል። ሌላው ይጠገን፣ ቶሎ እንሻገር ይላል። ከንቲባዋ ጄኒ ደርከን ኖቬምበር 19 ቀን 2020 ይጠገን አሉ። ምሕንድስናው ከተጠገነ እስከ 2060 ገደማ ያገለግላል የሚል ነበር፤ አዲስ መሥራት ደግሞ ብዙ ተጨማሪ ዓመት ይፈልጋል። እኔ ትክክል ነበር እላለሁ። አዲሱ ሲሠራ ተጨማሪ ዓመታትን የሚሸከመው ያው ሳውዝ ፓርክና ሃይላንድ ፓርክ ነበር፣ ሱቃቸውም ያን ያህል አይቆይም።

ጥገናው ሁለት ዙር ነበር። በመጀመሪያው ስንጥቁ እንዳይብስ አቆሙት፤ ሣጥኑን በካርቦን ፋይበር ጠቀለሉት፣ ውስጡን በተጨማሪ ገመድ ወጠሩት፣ ምሶሶ 18 ላይ የተጣበቀውን አላቀቁት። ይኼ በ2020 መጨረሻ አለቀ። ሁለተኛው ዙር ዋናውን ማጠናከሪያ ማስገባት ነው፣ እሱ በ2022 አጋማሽ ይደርሳል ተባለ። ከዚያ የኮንክሪት መኪና ነጂዎች ሥራ አቆሙ። አድማው በ2021 መጨረሻ ጀምሮ እስከ ኤፕሪል 2022 ዘለቀ። ለድልድዩ የሚያስፈልገው ኮንክሪት የተለየ ዓይነት ነው፣ መጠኑም ትልቅ አልነበረም፣ ግን እሱ ካልፈሰሰ ገመዱ የሚታሰርበት ነገር የለም። ስለዚህ ቀኑ ወደ ሴፕቴምበር ተገፋ። በነጂዎቹ አልፈርድም። እኔም መሪ ላይ ነው የምኖረው፣ ኑሮ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ያሳዘነኝ አንድ ትልቅ ከተማ ዋና ድልድዩን ለመክፈት ሌላ መላ አጥቶ ወራት መጠበቁ ነው።

እዚህ ጋ አንድ የድሮ ነገር ልጨምር። ይኼ ድልድይ የተወለደውም በአደጋ ነው። ጁን 11 ቀን 1978 ቻቬዝ የሚባል የጭነት መርከብ የድሮውን ተከፋች ድልድይ ገጨው፤ ድልድዩም እንደተከፈተ ቀረ። ከዚያ በፊት ከፍ ያለ ድልድይ እንሥራ ሲባል ገንዘብ ጠፍቶ ነበር። መርከቡ ከገጨ በኋላ የፌዴራል ገንዘብ ተገኘ፣ አዲሱም በ1984 ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። ያኔም የሰፈሩ ሰው በቀረው ድልድይ እየተጋፋ ስድስት ዓመት ጠብቋል። ስንጥቁም ከ2013 ጀምሮ ይታወቅ ነበር። የሆልደን መብራትም ለዓመታት ሲለመን ነበር። እኔን የሚያናድደኝ ይኼ ነው። ገንዘቡም፣ መብራቱም፣ የእሳት አደጋ መኪናውም የሚገኘው ነገሩ ከተሰበረ በኋላ ነው። አሁንም ባቡር ወደ ዌስት ሲያትል ይመጣል ተብሎ እየተጠበቀ ነው፣ የራሱ መሻገሪያ ይኖረዋል፤ ከ2032 በፊት ግን አይጠበቅም። እስከዚያ ያው አንድ ድልድይ ነው ያለን። ውስጡ መለኪያ መሣሪያ ተገጥሞለታል፣ መሐንዲሶች ይከታተሉታል።

ሌላ ከተማ እንዲህ ቢገጥመው እኔን ቢጠይቁኝ የምለው ብዙ አይደለም። ለአውቶቡስ መንገዱን ለዩለት። ፈቃድ ስታድሉ ቢሮ ተቀምጣችሁ ማመልከቻ አትጠብቁ፤ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ድልድዩ ጋ ቁሙና ማን እየተሻገረ እንደሆነ ጠይቁ። ትራፊኩን የምትልኩበት ሰፈር ሂዱና መኪናው ከመድረሱ በፊት መብራቱን ትከሉ። እና ጊዜያዊውን መብራት ድልድዩ ሲከፈት አትንቀሉባቸው።

ድልድዩ የተከፈተው ሴፕቴምበር 17 ቀን 2022 ቅዳሜ ማታ ነው፣ ከእንቁጣጣሽ በስድስተኛው ቀን። እሑድ ይከፈታል ተብሎ ነበር፤ እነሱ ግን ቅዳሜ ማታ ዝም ብለው ማገጃውን አነሡት። የሰማ ሁሉ መኪናውን አስነሥቶ ወጣ። ጡሩምባ እየነፉ፣ መስኮት አውርደው እየጮኹ ሲመላለሱ አመሹ። እኔም ልጆቼን በፒጃማቸው ጭኜ ሄድኩ። አናቱ ላይ ስንደርስ የወደቡ መብራት በግራ፣ መሃል ከተማው ፊት ለፊት ቦግ ብሎ ታየ። ትንሿ ልጄ ከተማውን ከዚያ ከፍታ ያየችው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ሲዘጋ ገና አትናገርም ነበር።

ሰኞ ማታ እትዬ በር ላይ አገኘኋቸው።

"እህ፣ ዛሬስ እንዴት ነበር?" አልኳቸው።

"ከ12 ሰዓት በኋላ ወጣሁ፣ ልጄ። ሰማዩ ሲነጋጋ እያየሁ።" ትንሽ ዝም አሉ። "ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ግን ነቃሁ። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት።"

ጋቢው መኪናው ኋላ ወንበር ላይ ነበር። አላወጡትም።